መኖው በማን ላይ ነው?

በጥር ወር ወደ ሁላ ሸለቆ ወፍ ለማየት የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጭቃ ነው። ከምኖርባት ከጽፋት ተራራ ላይ ሆኜ ቁልቁል ስመለከት ሸለቆው በጉም ተሞልቶ መሬቱ አይታይም። ፈረንጆች ዓመታቸውን በሚጀምሩበት በዚህ ሰሞን የእስራኤል ክረምት ኃይሉ ላይ ነው፤ ሄርሞን በረዶ ለብሷል፣ ቦዮቹ ሞልተዋል፣ ማሳው ላይ የተኛው ውሃ ገና አልሰረገም። ቦት ጫማ ያላደረገ ሰው ከመኪናው ብዙም ሳይርቅ ይመለሳል። የሌሊት ተረኛነቴን ጨርሼ ከመተኛት ይልቅ ለምን እዚያ እንደምወርድ የሥራ ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ፣ አንድ ቀን አብራችሁኝ ኑና እዩ እላቸዋለሁ።

ከጉሙ ውስጥ አስቀድሞ የሚመጣው ድምፃቸው ነው፤ ብዙ እምቢልታ ከሩቅ አብሮ ሲነፋ ይመስላል። በዕብራይስጥ አጉር ይባላሉ። ግራጫ፣ እግራቸውና አንገታቸው ረጅም፣ ክንፋቸው ሲዘረጋ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ወፎች ናቸው። ከሩሲያና ከፊንላንድ ተነስተው ነው የሚመጡት። ሌሊቱን ቀበሮ እንዳይደርስባቸው አጋሞን በሚባለው ሐይቅ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ጎህ ሲቀድ በመስመር በመስመር እየተነሱ ወደ ማሳው ይወርዳሉ። እዚህ የሚከርሙት በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ።

እኔ ባይኖኩላሬን መንጋው ላይ አላንከራትትም፤ አንድ ቤተሰብ መርጬ እሱኑ እከተላለሁ። አጉር ልጁን የመጀመሪያውን ክረምት ይዞት ስለሚዞር፣ በአባትና በእናት መካከል አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ልጆች ይታያሉ። የዘንድሮው ልጅ በራሱ ይለያል። የወላጆቹ አናት ላይ ቀይ ቆዳ አለ፣ ከዓይናቸውም ጀርባ በጥቁሩ አንገት ላይ ነጭ መስመር ይወርዳል፤ የእሱ ራስ ግን ገና ቡናማ ነው። ልጁ አጎንብሶ ሲለቅም አንዱ ወላጅ አብሮት ይለቅማል፣ ሌላው አንገቱን አቅንቶ ዙሪያውን ያያል። ጥቂት ቆይተው ይለዋወጣሉ። ማንም ሳይጠራቸው፣ ምልክትም ሳይሰጣጡ፣ የቆመው ሲያጎነብስ ያጎነበሰው ይቆማል። ይህን ቆሜ ባየሁ ቁጥር ምግብና ጥበቃ አንድ ሥራ መሆናቸው ይታየኛል።

ፀሐይ ጉሙን ስትገፋው ትራክተር ይመጣል። ከኋላው የተገጠመው መበተኛ በቆሎ እያፈሰሰ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። አጉሮቹ አይሸሹም፤ ግር ብለው ይከተሉታል። ጎብኚዎች የሚቀመጡበት ረጅም ጋሪም በትራክተር የሚጎተተው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወፎቹ ትራክተርን የሚያውቁት በምግብ ስለሆነ መሃላቸው ገብቶ ሲቆም አይደነግጡም። የሚበተነው በቆሎ በቀን በቶን የሚለካ ነው።

እናቴን እዚያ ጋሪ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስቀመጥኳት ዕለት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቷ ላይ ደርባ፣ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየች። አባቷ የቤተ እስራኤል ቄስ ነበሩ፤ ደንቢያ ውስጥ ዳዊት ሲደግሙ እየሰማች ነው ያደገችው።

«አንቺ ልጄ፣ እነዚህን የሚቀልባቸው ማነው?» አለችኝ።

«መንግሥትም ገበሬውም አዋጥተው ነው፣ እማዬ።»

«አባቴ ለቁራ ጫጩት እንኳ የሚሰጥ እሱ ነው እያሉ ሲደግሙ ነው የሰማሁት። እንግዲህ እውነቱ ዳዊቱ ነው ወይስ ትራክተሩ?»

ይህ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። የረቢዎች ሕግና ትምህርት በተሰበሰበበት በታልሙድ ውስጥ ረቢ ሽምዖን ቤን ኤልዓዛር አውሬና ወፍ ሙያ ሳይኖራቸው ያለ ጭንቀት እንደሚመገቡ፣ ሰው ግን በሥራው ጥፋት እንጀራውን እንዳበላሸ ይናገራል። ጎንደር የነበሩት ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም በወንጌላቸው የማይዘሩ የማያጭዱ ወፎችን የሚመግብ አባት አላቸው። ሁሉም ወፏን የእግዚአብሔር መጋቢነት ምስክር አድርገው ያቆሟታል። ሁላ ላይ ግን ወፏ ቆማ የምትመሰክረው የተዘራና የታጨደ በቆሎ እየበላች ነው።

ለእናቴ ልሰጣት የምችላቸው ሁለት ቀላል መልሶች ነበሩ። አንደኛው፣ በቆሎውም ሾፌሩም ዝናቡም የእግዚአብሔር ስለሆኑ ዞሮ ዞሮ የሚመግበው እሱ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በቆሎውን የገዛውም የበተነውም ሰው ነውና ሌላ መጋቢ አትፈልጊ የሚል። ሁለቱንም አልቀበልም። የመጀመሪያው ሰውን ከተጠያቂነት ያወጣዋል፤ ነገ ትራክተሩ ቢቀር ማንን ልንጠይቅ ነው? ሁለተኛው ደግሞ ሰው የሰጠውን ቆጥሮ የወሰደውን ሳይቆጥር ያልፋል።

መንገዱን ያገኘሁት ከሰንበት ሕግ ውስጥ ነው። እኛ ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳለን ኦሪት ነበረን፣ ኩፋሌና ትእዛዘ ሰንበት ነበሩን፤ የረቢዎቹ ሚሽናና ታልሙድ ግን አልደረሱንም። እነሱን ያወቅኋቸው እዚህ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ሚሽና ውስጥ በሰንበት ለእንስሳ መኖ ስለመስጠት የተደነገገ ነገር አለ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እዚችው ጽፋት ይኖር የነበረው ዮሴፍ ካሮም ሹልሐን አሩኽ በተባለው የሕግ መጽሐፉ አስፍሮታል። ዶሮና ዝይ፣ የቤት ውሻም በሰንበት ይመገባሉ፤ መኖአቸው በአንተ ላይ ነውና። የርግብ ቤት ርግብና ንብ ግን አይመገቡም፤ ወጥተው ከሜዳ የሚያገኙ ስለሆኑ መኖአቸው በአንተ ላይ አይደለም። የባሕሩ መሻገር በኦሪት በሚነበብበት ሰንበት፣ ያውም በዚሁ በክረምቱ ወራት፣ ለወፎች ፍርፋሪ የመበተን ልማድ አለ። ልማዱን የተቃወሙ ሊቃውንት ያቀረቡት ምክንያትም ይኸው ነው፤ የዱር ወፍ መጋቢ አንተ አይደለህም።

ሕጉን ስማር ልቤን የያዘው ሕጉ የማይጠይቀው ነገር ነው። የትኛው እንስሳ ይበልጥ ያሳዝናል አይልም። የትኛው ይበልጥ ይጠቅማል አይልም። ይህ ፍጡር ወደ ምግቡ የሚወጣበት በር በማን እጅ ነው ይላል። ዶሮዋን አጥሬ ሳስቀምጣት ወደ ሜዳው የምትሄድበትን መንገድ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መኖዋ ከእግዚአብሔር እጅ ወደ እጄ ተላልፏል። ርግቧ በሯ ክፍት ነው፤ የእሷ ነገር እዚያው በእሱ እጅ ይቆያል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ወሰን ከፍጥረት የተሰመረ አይደለም። ሰው ባጠረ፣ በቆፈረ፣ ባደረቀ ቁጥር ይንቀሳቀሳል።

ሁላ ደግሞ ወሰኑ ሲንቀሳቀስ በዓይን የሚታይበት ቦታ ነው። ሸለቆው ድሮ ሐይቅና ሰፊ ረግረግ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1958 የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ የሆነው ኬረን ካየመት ቦይ ቆፍሮና የዮርዳኖስን መውረጃ አስፍቶ አደረቀው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ረግረጉ የወባ ቤት ነበር፣ አገሩም ከየአቅጣጫው ሕዝብ እየተቀበለ የሚታረስ መሬት ይፈልግ ነበር። ነገር ግን ከውሃው በታች የነበረው ጥቁር አፈር ለብዙ ዘመን ከተከማቸ ዕፀዋት የተሠራ ነበርና አየር ሲያገኘው ውስጥ ለውስጥ ይቃጠል ጀመር። መሬቱ ሰመጠ፣ ንፋስ አፈሩን አቧራ አድርጎ አነሳው፣ ከአፈሩ የታጠበው ናይትሮጅን ወደ ኪኔሬት፣ ወደ ገሊላ ባሕር፣ ወረደ። ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሣዎች ጠፉ። ከረግረጉ ተከልሎ የቀረው ጥቂት መሬት እ.ኤ.አ. በ1964 የአገሪቱ የመጀመሪያ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ከእርሻው ከፊሉ እንደገና በውሃ ተሞላ፤ አጋሞን ማለት ያ ነው። ጠፍታለች ተብላ ተመዝግባ የነበረችው የሁላ እንቁራሪት እ.ኤ.አ. በ2011 ከጥብቁ ሥፍራ በሕይወት ተገኘች። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ዓሣዎቹን ግን ማንም ሊመልሳቸው አይችልም።

እናቴ በጥብቁ ሥፍራ የእንጨት መሄጃ ላይ ስትራመድ ያወቀችው ደንገሉን ነው። ጎርጎራ ላይ ታንኳ የሚሠራበት ያው ደንገል፣ በተፈጥሮው ከሚበቅልባቸው የሰሜን ጫፎች በአንዱ፣ ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። አንዱን ዘንግ በጣቶቿ ጨብጣ አሽከረከረችው፤ ሦስት ማዕዘን መሆኑን ስታረጋግጥ «ይሄማ የኛው ነው» አለች።

አጉሮቹ ድሮ እዚህ የሚከርሙት በጥቂቱ ነበር፤ አብዛኞቹ አልፈው ይሄዱ ነበር። በደረቀው መሬት ላይ ኦቾሎኒ ሲዘራ፣ ከአጨዳ በኋላ አፈር ውስጥ የሚቀረው ቅሪት መቆያ ሆናቸው። ለማደሪያ የሚሆን ውሃ ሲመለስላቸው ደግሞ እየበዙ መጡ። ቅሪቱ ሲያልቅ አዲስ ወደተዘራው ማሳ ገቡ። ገበሬው ያባርራል፣ የተባረረው መንጋ ጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል፣ ጎረቤትም ያባርራል። መጨረሻ ላይ በአንድ ቦታ በቆሎ እንዲበተንላቸው፣ ከሌላው ማሳ እንዲከለከሉ ተስማሙ። ይህ ምሕረት ሳይሆን ሒሳብ ነው የሚሉ አሉ። ይሁን። ሕጉ ዶሮህን ስትመግብ ምን እንደተሰማህ አይጠይቅህም። ውሃውን ያደረቅነው፣ ከፊሉን የመለስነው፣ ኦቾሎኒውን የዘራነው፣ ከማሳው ያባረርነው እኛ ነን። አጉሩ ክንፍ ስላለው በሩ ክፍት ይመስላል፤ ሸለቆውን ከላይ ሆኖ ሲያየው ግን ከዳር እስከ ዳር የሰው ነው። ስለዚህ መኖው በእኛ ላይ ወድቋል።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ማብቂያ ላይ የወፍ ጉንፋን ሁላ ገባ፤ ከ5,000 በላይ አጉሮች ሞቱ። ነጭ መከላከያ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች ከውሃው ላይ ሬሳ ሲለቅሙ በቴሌቪዥን አየን። ሥፍራው ለጎብኚ ተዘጋ። በአካባቢው የዶሮ እርባታም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች እንዲወገዱ ተደረገ። በአንድ ውሃ ተጠጋግቶ ማደር፣ በአንድ ማሳ ትከሻ ለትከሻ ሆኖ መብላት ተላላፊ በሽታን እንደሚያዛምት እንደ እኔ ላለች ነርስ መንገር አያስፈልግም። ሰብስቦ መመገብ የራሱ ዋጋ አለው ማለት ነው።

ያ ዓመት ደግሞ ሽሚታ ነበር፣ ሰባተኛው ዓመት። ኦሪት በሰባተኛው ዓመት መሬቱ እንዲያርፍ፣ የበቀለው ለድሀው፣ ከድሀው የተረፈው ለዱር አውሬ እንዲቀር ታዛለች። ትእዛዙ ለአውሬው ተውለት ነው እንጂ መግበው አይደለም። ስለ ወፍ ጎጆ የተጻፈውም እንዲሁ ነው፤ ጫጩቶቹን ብትወስድ እናቲቱን ልቀቃት። ኦሪት ከዱር ፍጡር ጋር ያለንን ነገር ስታስተካክል በአብዛኛው የምታስተምረን እጃችን የት ላይ እንዲቆም ነው።

በሥራዬም የማየው ይህንኑ ነው። ለብዙ ቀን እህል ያልቀመሰ ሰው ወደ ክፍላችን ሲመጣ ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ፣ ደሙን እየመረመርን እንሰጠዋለን። ቸኩለን ብናጠግበው ፎስፌትና ፖታሲየሙ በድንገት ወርዶ ልቡ ሊቆም ይችላል። ዘመዶቹ በር ላይ ቆመው ለምን ትከለክሉታላችሁ ብለው ያለቅሳሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ዓይናቸው እያየ የራበው ሰው ነው። ግን መኖው በእኔ ላይ ነው ካልኩ መስጠቱ ብቻ አይደለም በእኔ ላይ ያለው። መጠኑም ጊዜውም በእኔ ላይ ነው።

ሁላ ላይ ይህ የገባቸው ሰዎች አሉ። በመከር የሚደርሱት አጉሮች ብዙዎቹ ጥቂት አርፈው ወደ አፍሪካ የሚቀጥሉ ናቸው፤ በቆሎው መበተን የሚጀምረው እነሱ መንገዳቸውን ከያዙ በኋላ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። ቀድሞ ቢበተን መንገደኛውም እዚያው ይቀር ነበር። ነቢዩ ኤርምያስ ሕዝቡን ሲወቅስ የመምጫና የመሄጃ ጊዜያቸውን የሚያውቁ ወፎችን ምስክር አድርጎ ጠርቷል። እኛ በጆንያ በቆሎ ያንን ዕውቀት ልናስረሳቸው እንችላለን። ስለዚህ በመከር ባዶ የሚተወው ማሳ ለእኔ በጥር ከሚበተነው በቆሎ እኩል ሥጦታ ነው።

የቀጠሉትስ የት ይደርሳሉ? ሩሲያ ውስጥ የጂፒኤስ መከታተያ ከታሰረላቸው አጉሮች አንዳንዶቹ እስራኤል ሲከርሙ አንዳንዶቹ ኢትዮጵያ ከርመዋል። በጣና ዙሪያ ሜዳ ላይ ይወርዳሉ፤ የእኔ የልጅነት ሜዳ ነው። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዤ ወፍ ስጠብቅ፣ ሽምብራው ላይ ግራጫ ረጃጅም ወፎች ሲያርፉ እየጮህኩ እሮጥባቸው ነበር። ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ግን የእኛ መንደር ልጆች የኢየሩሳሌምን ደህንነት በዘፈን እንጠይቀው ነበር። የሚያልፈውን ወፍ እንለምነዋለን፣ የሚያርፈውን እናባርረዋለን። የተራበ ቤት ልጅ ሌላ ምን ያድርግ? እህሉ የዓመት ቀለባችን ነበር።

ወደዚህ የመጣነው በእግር፣ በሱዳን በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ኡም ራኩባ በሚባለው ካምፕ ታናሽ ወንድሜ ሞተ። በመንገዱና በሱዳን ካምፖች ከወገናችን ወደ 4,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል። ወንድሜ በተቀበረበት ሌሊት እናቴ ዳዊት ስትደግም ሰምቻታለሁ፤ ፍጥረት ሁሉ ምግቡን ከእሱ እንደሚጠብቅ የሚናገረውን። እንዴት አፏ ለዚያ እንደተከፈተ ለብዙ ዓመት አልገባኝም ነበር። አሁን መዝሙሩን ሙሉውን ሳነበው፣ እጁን ሲከፍት ይጠግባሉ ካለ በኋላ ወዲያው ፊቱን ሲሰውር እንደሚደነግጡ፣ እስትንፋሳቸው ሲወሰድ ወደ አፈር እንደሚመለሱ ይናገራል። ዘማሪው የጠገቡትን ብቻ አይቶ አልዘመረም። እናቴ ያን ሌሊት ትደግመው የነበረው መጽናኛ አልነበረም፤ ሙሉውን ነገር ነበር።

ስለዚህ ዳዊቱም ትራክተሩም እውነት ናቸው እላለሁ፤ ግን በመካከላቸው ዕዳ አለ። ዕዳውም ሁላ ላይ አያበቃም። እዚህ አጉር የበላበት ገበሬ ብቻውን አይከስርም፤ በቆሎው የሚበተነው የእሱንም ማሳ ለማዳን ነው። ያው አጉር ሱዳንን ተሻግሮ ደንቢያ ሲያርፍ ግን ኪሳራው በአንድ ማማ ላይ በተቀመጠ ልጅ ላይ ይወድቃል። ጣና ዳር ያለው ረግረግ ለእርሻ እየታረሰ፣ ሐይቁንም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ እየያዘው ነው፤ ሁላ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሄደበት መንገድ እንዴት እንደሚጀምር አውቃለሁ። ወፉ አንድ ነው፣ መንገዱም አንድ ነው። በአንዱ ጫፍ መኖው በእኛ ላይ ነው ብለን በሌላው ጫፍ ያለውን ለድሀ ገበሬ መተው አይቻልም። የፎገራና የደንቢያ ገበሬ አጉር ለበላበት ሽምብራ ካሳ ሊያገኝ ይገባዋል፤ ገንዘቡም ወፎቹን ለማየት ትኬት ከምንቆርጥ ከእኛ ሊወጣ ይገባል።

እናቴ በገንዘቡ ትስማማለች፣ ዕዳ በሚለው ግን አትስማማም። ባለፈው ጥር ከሁላ ስንመለስ እስከ ጽፋት ድረስ ተከራከርን። አስራት በዪው አለችኝ፤ ዕዳ ያለበት ሰው ከፍሎ ሲጨርስ ዞር ብሎ አያይም፣ አስራት ግን በየዓመቱ ይወጣል። እኔ ደግሞ አስራት የሚሰጠው ልብ ሲኖር ነው፣ ዕዳ ግን ልብ ባይኖርም ይጠየቃል ብዬ መለስኩላት። የደንቢያው ልጅ የእኔ ልብ እስኪራራ ማማው ላይ መጠበቅ የለበትም። እሷም፣ ማን ነው ታዲያ የሚጠይቅሽ፣ አለችኝ።